ወደ ሞንቱ የሚገባው በር አንድ ይሁን፦ የቴሌስኮፕ መቆጣጠሪያንና አውቶጋይዲንግን ስለ ማስማማት

የሰማይ አካላትን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው በአንድ ሌሊት ቢያንስ ሦስት ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ያሠራል። አንደኛው የሰማዩን ካርታ አሳይቶ ቴሌስኮፑን ወደ ተፈለገው ኔቡላ ወይም ጋላክሲ ይልካል፤ ሁለተኛው ዋናውን ካሜራ ያዝዛል፤ ሦስተኛው በትንሽ መሪ ካሜራ ኮከብ እየተከታተለ፣ ኮከቡ ከቦታው ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሞንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን አካል፣ በጥቂቱ ይመልሰዋል፤ ይህ ሥራ አውቶጋይዲንግ ይባላል። ሦስቱም ግን በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ የሚያዝዙት ያንኑ አንድ ሞንት ነው። ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከዚህ እንደሆነ አምናለሁ፤ ስለዚህም ትእዛዝ ሁሉ ወደ ሞንቱ የሚገባበት በር አንድ ብቻ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ።

መሪ ካሜራ የሚያስፈልገው ሞንት ሁሉ ጉድለት ስላለበት ነው። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ስለሆነ፣ ሞንቱ በየሰከንዱ 15 አርክሰከንድ ያህል መዞር አለበት፤ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ኢኪው6 በተባለው የታወቀ ሞንት ላይ ዋናው ማርሽ 180 ጥርሶች ስላሉት፣ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብሎን በየ479 ሰከንዱ አንድ ዙር ያጠናቅቃል፤ በብሎኑ ላይ ያለው ጥቃቅን መዛነፍም በዚያው ልክ እየተመላለሰ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። የአምስት ደቂቃ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህን ሳያርም ክብ ኮከብ አያገኝም።

አሁን ወደ በሩ ጉዳይ ልመለስ። ሞንቱ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው ሲሪያል ፖርት በተባለው መሰኪያ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ደግሞ አንድን ሲሪያል ፖርት በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮግራም በላይ እንዲከፍተው አይፈቅድም። የካርታው ፕሮግራም ፖርቱን በቀጥታ ከያዘው፣ የመሪ ካሜራው ፕሮግራም ፒኤችዲ2 መግቢያ ያጣል። አስኮም የተባለው የጋራ መስፈርት ይህን የሚፈታው ፖርቱን ለድራይቨሩ፣ ማለትም በኮምፒውተሩና በሞንቱ መካከል ለሚያስተረጉመው ፕሮግራም፣ ብቻ በመስጠት ነው፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚነጋገሩት ከድራይቨሩ ጋር ነው። እንደ ኢኪውሞድ ያሉ ድራይቨሮች ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳሉ፤ የማያስተናግድ ድራይቨር ሲያጋጥም ከአስኮም ጋር አብሮ የሚመጣውን ዲቫይስ ሃብ የተባለ አገናኝ ፕሮግራም በመካከል ማስገባት ይቻላል። በሊኑክስ ላይ ኢንዲ የተባለው ሥርዓት ይህንኑ ሥራ በሰርቨር መልክ ይሠራል፤ የካርታው ፕሮግራም ኬስታርስም ሆነ ፒኤችዲ2 በፖርት ቁጥር 7624 በኩል ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በዊንዶውስ አንዱ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ሌላው በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ከተከፈቱ፣ አንዱን ድራይቨር ሊጋሩ አይችሉም። ሁለተኛው ፕሮግራም ለራሱ ሌላ ቅጂ ያስነሣል፤ ያ ቅጂ ፖርቱ ተይዞ ስለሚያገኘው ግንኙነቱ ይከሽፋል። ገመድ ከመቀየር በፊት ሁሉም ፕሮግራሞች በአንድ ዓይነት ሥልጣን መከፈታቸውን ማየት ይገባል።

ከመሪ ካሜራው በቀጥታ ወደ ሞንቱ የሚሄደው ኤስቲ-4 የተባለው ገመድ ለብዙዎች ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ኮምፒውተር ለሌለው አነስተኛ ሞንት እርሱም ቢሆን ያገለግላል። ሆኖም በዚህ ገመድ የሚሄደው ወደ አራት አቅጣጫ የሚገፋ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ፒኤችዲ2 ቴሌስኮፑ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ ላይ ከሚዞረው መስመር፣ 60 ዲግሪ ርቆ የሚገኝ ኮከብ በምሥራቅ-ምዕራብ አቅጣጫ ለተላከ ትእዛዝ የሚንቀሳቀሰው በወገቡ ላይ ካለው ኮከብ በግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትእዛዙ እጥፍ መሆን አለበት። ሞንቱ ቴሌስኮፑን ወደ ሌላው ጎን ሲገለብጠውም አቅጣጫዎቹ ይለዋወጣሉ። ፒኤችዲ2 በድራይቨሩ በኩል ሲያዝዝ ሁለቱንም ራሱ አስልቶ ያስተካክላል፤ በኤስቲ-4 ከሆነ ግን ወይ ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ትእዛዝ ኮከቡን ወዴትና ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ የሚለካውን ሙከራ፣ እንደገና መሥራት፣ ወይም ድራይቨሩን ቢያንስ የቦታ መረጃ እንዲሰጥ በረዳት ሞንትነት ማገናኘት ግድ ይሆናል።

የእርምት ፍጥነት በአብዛኛው ከሰማዩ ፍጥነት በግማሽ ይደረጋል፤ ይህም በሰከንድ 7.5 አርክሰከንድ ስለሆነ የ100 ሚሊሰከንድ ትእዛዝ በሰማይ ወገብ ላይ ያለን ኮከብ 0.75 አርክሰከንድ ያህል ያንቀሳቅሰዋል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው የተለየ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታም 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንጦጦ ወይም የጎረቤት ፎቅ ይሸፍነዋል። በሰሜን ኮከብ ላይ ተመሥርቶ ሞንቱን ማቅናት፣ ማለትም ዘንጉን ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ማድረግ፣ ስለማይመች፣ የፒኤችዲ2 የድሪፍት ማቅኛ እዚህ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፦ ኮከቡ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚንሸራተትበትን ፍጥነት ለክቶ የሞንቱን ዘንግ ስሕተት ያሳያል፤ የሰሜን ኮከብንም ማየት አይጠይቅም። መሣሪያው ቴሌስኮፑን ወደሚፈለገው የሰማይ ክፍል ለመላክም የሚጠቀመው ያንኑ የድራይቨር ግንኙነት ነው። በሌላ በኩል የሰማይ ወገብ ከአናታችን በ9 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ ስለሚያልፍ፣ ካሊብሬሽን የሚሠራበት ምቹ ቦታ አየሩ እጅግ በጠራበት የሰማይ ክፍል ላይ ይገኛል፤ ከዚህ የበለጠ ዕድል ለአውሮፓ ሰው አልተሰጠውም። ሰዓትን በተመለከተ፣ በኮምፒውተሩም ሆነ በእጅ መቆጣጠሪያው ላይ የሚሞላው እንደ እኛ አቆጣጠር ሳይሆን በዓለም አቀፉ ነው፤ የማታ 3 ሰዓት 21 ሰዓት ተብሎ ይገባል፣ የሰዓት ቀጣናው ሲደመር 3፣ የበጋ ሰዓት ለውጥ ደግሞ የለም። የአንድ ሰዓት ልዩነት ቴሌስኮፑን ከዒላማው በ15 ዲግሪ ያርቀዋል።

የሚቀረው የፎቶ ፕሮግራሙና የፒኤችዲ2 መግባባት ነው። ዋናውን ካሜራ የሚያዝዘው ኒና የተባለው ፕሮግራም በየፎቶው መካከል ቴሌስኮፑን በጥቂቱ ፈቀቅ ለማድረግ ሲፈልግ ሞንቱን ራሱ አይነካውም፤ በፖርት 4400 በኩል ፒኤችዲ2ን ይጠይቃል፣ ኮከቡ በአዲሱ ቦታ እስኪረጋም ይጠብቃል። ለዚህ በፒኤችዲ2 ውስጥ ሰርቨሩ መከፈት አለበት። የፈቀቅታው መጠን የሚለካው በመሪ ካሜራው ፒክስል መሆኑን ማስታወስ ይገባል፦ ባለ 3.75 ማይክሮን ፒክስል መሪ ካሜራ በ120 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ አንድ ፒክስሉ 6.45 አርክሰከንድ ነው፤ ባለ 3.76 ማይክሮኑ ዋና ካሜራ በ500 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ላይ 1.55 አርክሰከንድ ነው። ስለዚህ የአንድ መሪ ፒክስል ፈቀቅታ በዋናው ፎቶ ላይ ከአራት ፒክስል ይበልጣል። ፒኤችዲ2 መሪ ሌንሱን በትክክለኛ የትኩረት ርዝመቱ ካልተነገረው ግን በአርክሰከንድ የሚያሳየው የስሕተት መጠን ሁሉ ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ በግራፉ ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን በፊት ያን አንድ ቁጥር ማረጋገጥ ይቀድማል።