የጎዴልን ማረጋገጫ በራሴ ለመከተል የሄድኩበት መንገድ

የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎዴል እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተመውን፣ መደመርና ማባዛት ያለው፣ በተወሰኑ ሕጎች የተዋቀረና ከራሱ ጋር የማይጋጭ የቁጥር ሥርዓት ሊያረጋግጠው የማይችለው እውነት እንዳለ የሚያሳየውን ማረጋገጫ እርምጃ በእርምጃ ልከተለው ስነሣ፣ አብዛኛው ክፍል የተወራለትን ያህል አልከበደኝም። ምልክቶችን በቁጥር መተካት ቀላል ነው፦ ለ«0» 1ን፣ ለ«=» 2ን ብንሰጥና እነዚህን በተራ የ2፣ የ3 እና የ5 አርቢ ብናደርጋቸው፣ «0=0» የሚለው ቀመር 2¹×3²×5¹ ማለትም 90 ይሆናል፤ 90ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ወደማይካፈሉት) ስንተነትነውም ቀመሩ ሳይዛነፍ ይመለሳል። ማረጋገጫ የቀመሮች ሰልፍ ስለሆነ እርሱም በዚሁ መንገድ ቁጥር ይወጣለታል።

ያስመረረኝ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ያነበብኳቸው ማብራሪያዎች «ማረጋገጫ የለኝም የሚል ዓረፍተ ነገር አለ» ብለው ያልፋሉ። ስለ ቁጥር ብቻ የሚናገር ቋንቋ እንዴት ስለ ራሱ ይናገራል? ቀመሩ የራሱን ቁጥር በውስጡ እንዳይጽፍ፣ ቁጥሩ ከቀመሩ ይገዝፋል። የጠየቅኩት መምህር «እሱን ዝም ብሎ መቀበል ነው» አለኝ፤ ስለ ማረጋገጫ በሚያስተምር ሰው አንደበት ይህን መስማት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መፍቻው ግን በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነው። «ቁጥሩ ሀ በሆነው ቀመር ውስጥ፣ በተለዋዋጩ ቦታ ሀን ራሱን ብንተካ የሚወጣው ቀመር ማረጋገጫ የለውም» የሚለውን ቀመር እንውሰድ፤ ሀ ተለዋዋጩ ነው። የዚህ ቀመር ቁጥር መ ይሁን። አሁን በሀ ቦታ መን እንተካ። የወጣው ቀመር የሚናገረው፣ ቁጥሩ መ በሆነው ቀመር ውስጥ መን በመተካት ስለሚገኘው ቀመር ነው፤ ያም እርሱ ራሱ ነው። የራሱን ቁጥር አልተሸከመም፤ እንዴት እንደሚሰላ ብቻ ተናግሯል። ማረጋገጫ ቢገኝለት ሥርዓቱ ከራሱ ጋር ይጋጫል፤ ሥርዓቱ የማይጋጭ ከሆነ ደግሞ ማረጋገጫ የለውም፤ የሚለውም ይህንኑ ስለሆነ እውነት ነው። ይህን በእጄ ጽፌ የጨረስኩበትን ወረቀት ዛሬም በኩራት አስቀምጬዋለሁ።

መጻሕፍቱ ከውሸታሙ ሰው እንቆቅልሽ («እየዋሸሁ ነው» የሚል ሰው እውነት ተናገረ ወይስ ዋሸ?) እንድንጀምር ይመክራሉ፤ እኔ አልስማማም። ከሒሳብ ሊቁ ከሞይዜሽ ፕረስበርገር ጀምሩ፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1929 ማባዛት የሌለበት፣ መደመር ብቻ ያለው የቁጥር ሥርዓት ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩ ማረጋገጫ ወይም ማስተባበያ እንዳለው አሳይቷል። ወሰኑ የሚመጣው ማባዛት ሲጨመር መሆኑን ቀድሞ ያየ ሰው፣ ጎዴል «የሰው ልጅ ፈጽሞ የማያውቀው እውነት አለ» ብሏል የሚለውን የተለመደ አባባል በቀላሉ አይቀበልም። ያ ዓረፍተ ነገር በአንድ ሥርዓት ውስጥ አይረጋገጥም እንጂ፣ በሌላ ጠንካራ ሥርዓት ይረጋገጣል፤ ያም ሥርዓት በተራው የራሱ የማይረጋገጥ ዓረፍተ ነገር አለው።