ሪሉ አልተበላሸም

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው "ተበላሸ" ብሎ ከሚመልስልን ዕቃ መሀል ሪል፣ ማለትም የማጥመጃው ክር የሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ዋናው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሪሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ነገር ክብደት ነው።

ባለፈው ጁን አንድ ያገራችን ሰው፣ ዕድሜያቸው ጠና ያለ፣ ሪላቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ክሩ ተተብትቦ ጫፉ የት እንዳለ አይታወቅም።

"ልጄ፣ ይሄ ከፋብሪካው ጀምሮ ችግር አለበት። ገንዘቤን መልሱልኝ።"

አጠገቤ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ አሜሪካዊ ነው። ሪሉን እንኳ አልነካውም። "ዘንጉን እንዲያመጡ ንገራቸው፣ የወረወሩትንም ሉር" አለኝ። ሉር ማለት ዓሣውን የሚያታልለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ነው።

ጋሼ ከመኪናቸው አመጡ። ዘንጉ ላይ፣ ከመያዣው ከፍ ብሎ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ዘንጉ የሚወረውረውን የሉር ክብደት ከ3/8 እስከ 1 አውንስ ይላል። በግራም ከ10 እስከ 28 አካባቢ መሆኑ ነው። ሉሩ ደግሞ ትንሽዬ ፖፐር ናት፤ ያቺ አፏ ጎድጎድ ያለው፣ ስትጎተት ውኃ የምትተፋዋ። ሚዛን ላይ አስቀመጥናት። 7 ግራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳቸው ዓይነት ሪል ላይ ክሩ የተጠቀለለበት መሽከርከሪያ የሚዞረው ሉሩ እየበረረ ሲጎትተው ነው። ሉሩ ቀላል ከሆነ አየር ላይ ቶሎ ይደክማል፣ መሽከርከሪያው ግን መዞሩን አያቆምም፣ የለቀቀው ክር መሄጃ ያጣና እዚያው ይተበተባል። ዘንጉም ቢሆን ለከባድ የተሠራ ስለሆነ በ7 ግራም አይጎብጥም፤ ሳይጎብጥ ደግሞ አይወረውርም። ሰው ይሄኔ እልህ ይይዘውና በሙሉ ጉልበቱ ይወረውራል፤ ያ ደግሞ ትብትቡን ያባብሰዋል።

ክሩን በጣት እየፈለቀቅን ፈታነው። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መኪና ማቆሚያ ወጣን። ባልደረባዬ የ1/2 አውንስ፣ ማለትም የ14 ግራም፣ ግራና ቀኝ እያለ ውኃ ላይ የሚሄድ ረዘም ያለ ሉር አሰረ፤ ሰው እንዳይጎዳ መንጠቆዎቹን መጀመሪያ አወለቃቸው። ከዚያ የመሽከርከሪያውን ፍጥነት የሚገድበውን የሪሉን ጎን ቁልፍ ትንሽ ትንሽ እያዞረ ሉሩን ወደ መሬት ለቀቀው። ቀስ ብሎ ወረደ፤ መሬት ሲነካ መሽከርከሪያውም አብሮ ቆመ። "አሁን ይወርውሩ" አላቸው። ሄደ፤ ከአጥሩ ሥር ደረሰ።

"ያው ሪል ነው?"

"ያው ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ይቺን ትንሿን ልጣላት?"

ኧረ በፍጹም! 7 ግራሟ ለስፒኒንግ ሪል፣ ማለትም ሲወረወር መሽከርከሪያው ለማይዞረው ዓይነት፣ እና ለቀጭን ዘንግ ናት። በማለዳ ውኃው ጸጥ ሲልና ባሱ ጥልቀት የሌለው ቦታ ሲገባ፣ ኮሽታ ሳታሰማ ስለምታርፍ ከትልቁ ትሻላለች። ንፋስ ተነስቶ ውኃው ሲንቀጠቀጥ ግን ድምጿም አይሰማ፣ ሩቅም አትደርስ፤ ያኔ ከ14 እስከ 21 ግራም ያለው ነው ሥራ የሚሠራው።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። ወደ ታች የሚሰምጥ ሉር መጠኑ ሳይጨምር ክብደቱ ሊጨምር ይችላል፤ እርሳስ ነዋ። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ግን መንሳፈፍ ስላለበት ከበድ ያለ ከተፈለገ አካሉም ይተልቃል። ስለዚህ ክብደት ሲመረጥ ባሱ የሚያየው ነገር መጠንም አብሮ ተመረጠ ማለት ነው። ትልቅ መንጠቆ ቢቀየርበት እንኳ ጭራው ይሰምጥና አካሄዱ ይበላሻል።

ተቃራኒውም ያጋጥመናል። አንድ ወጣት እስከ 5/8 አውንስ በሚል ዘንግ ወደ 39 ግራም የሚጠጋ፣ ጭራው እየተሽከረከረ የሚንቦጫረቅ ትልቅ ሉር ወርውሮ ዘንጉ እጁ ላይ ተሰብሯል። እሱ ገንዘቡን አላገኘም፤ ጽሑፉ እዚያው ዘንጉ ላይ አለና። በጣም አዘንኩለት፤ ሉሩን የሸጠለት ሰው "ዘንግህ ምን ይላል?" ቢለው ኖሮ አይደርስም ነበር።

ጋሼ ሪላቸውን አልመለሱም፤ 14 ግራሙን ገዝተው ሄዱ። የሚያጠምዱበት ቦታ ማታዎማን ክሪክ የሚባለው፣ ፖቶማክ ውስጥ የሚገባ ጅረት ነው፤ በበጋ ሃይድሪላ የሚባለው የውኃ ሣር ይሞላዋል። ሣሩ መሀል ለመወርወር መንጠቆዋ ሰውነቷ ላይ የሚደበቅ የጎማ እንቁራሪት እንደሚያስፈልጋቸው ነግረናቸዋል። እሷም በዚያው ዘንግ ትሄዳለች፤ ብዙዎቹ ከ14 እስከ 18 ግራም ናቸው። ክሩ ግን ጠንካራ የተጎነጎነ ይሁን፣ አለበለዚያ ባሱ ሣር ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ ሱቃችን ውስጥ ሉሮቹን በቀለም መደርደር ትተን በክብደት ደረደርናቸው። አለቃችን መጀመሪያ አልወደደውም ነበር፤ ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው ባይ ነው። አሁን መደርደሪያው ላይ ከአውንሱ ሥር ግራሙም ተጽፏል። ያንን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የኛ ሰው 3/8 አውንስ ስንት እንደሆነ ቆሞ ማስላት የለበትም።