«ተወው፣ ተቀመጥ»

ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ «ቲቸር!» ብሎ አስቆመኝ። ስሙ ጠፋኝ፣ ፊቱን ግን አወቅኩት። ከብዙ ዓመታት በፊት ስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስለ ሥራው፣ ስለ ቤተሰቡ አወራን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኔ ‹ተወው፣ ተቀመጥ› ያሉኝ ቀን ትዝ ይልዎታል?» አለኝ።

ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። እሱ ግን ሁሉንም ያስታውሳል። ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጽፌ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅኩት። 1/4ን አከበበ። ክፍሉ ሳቀ። በመዳፉ ሊያጠፋው ሲሞክር ጠመኔው እጁ ላይ ተለቀለቀ። እኔ ደግሞ «ተወው፣ ተቀመጥ» አልኩትና ሌላ ልጅ ጠራሁ። በቁጣ እንዳልተናገርኩ ራሱ መሰከረልኝ። ከሳቁ ላድነው ብዬ ይሆናል። እሱ የሰማው ግን «አንተስ አይሆንልህም» የሚል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሂሳብ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንቱን ልጅ እንዲህ ብዬ ይሆን?

ሰበብ አላጣም ነበር። በአንድ ክፍል 60 ልጅ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሲካፈል 40 ሰከንድ ነው። አራት ክፍል አስተምራለሁ። የ240 ልጅ ደብተር ሦስት ሦስት ደቂቃ ብቻ ልስጠው ብል 12 ሰዓት ይፈጃል። ምዕራፉ ማለቅ አለበት፣ ፈተና ይደርሳል። መምህር ያልሆነ ሰው ይህን ድካም በቅጡ የሚረዳው አይመስለኝም። ቢሆንም ልጁ ያጣው ነገር በድካሜ አይመለስም።

መጀመሪያ የቀየርኩት ዝምታዬን ነው። ሜሪ በድ ሮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተመችው ጥናት አለ። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ ደግሞ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» ማለት ይቀንሳል። ሦስት ሰከንድ ምን አላት? 60 ልጅ ፊት ቆማችሁ ስትቆጥሯት ግን አታልቅም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እንዳልናገር ከንፈሬን እነክስ ነበር። ስምም አስቀድሜ አልጠራም። ስም ካስቀደምኩ የቀሩት 59ኙ ማሰብ ያቆማሉ። ጥያቄው ይቀድማል፣ ዝምታው ይከተላል፣ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ለተሳሳተ ልጅ የምሰጠው መልስ ነው። አሁን «እዚህ እንዴት ደረስክ?» እላለሁ። ያ ልጅ 1/4 ይበልጣል ያለው 4 ከ3 ስለሚበልጥ ነው። የራሱ አስተሳሰብ ነበረው፣ ግማሽ ክፍሉም እንደዚያው ያስብ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ጠይቄው ቢሆን ኖሮ የዚያ ቀን ትምህርት ከእሱ አፍ ይወጣ ነበር። የሚስቅ ልጅ ካለም ሳቁን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ደብተሩን በተመለከተ ሁሉንም የማረም ምኞቴን ትቻለሁ። በቀን ከየክፍሉ አሥር አሥር ደብተር ብቻ በደንብ አያለሁ፤ በስድስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። የክፍሉን ሁኔታ የምለካው በሌላ መንገድ ነው። ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልጆቹ በብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ይሠራሉ። ወረቀቱን የገባው፣ ግማሽ የገባውና ያልገባው ብዬ ሦስት ቦታ እከምራለሁ። ነጥብ አልሰጥበትም። የነገው ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ክምሩ ይነግረኛል። አንዳንዴ ያዘጋጀሁትን የትምህርት ዕቅድ ሙሉ በሙሉ ትቼ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ምዕራፍ ወደ ኋላ ይቀርብኛል፤ ለዚህም ተጠይቄበታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ቢሆን ያልገባው የሚለው ክምር ባዶ ሆኖ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው።

ያን ዕለት መንገድ ላይ ግን ወዲያው አልተለያየንም። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ቲቸር፣ ለወቀሳ አይደለም» አለኝ። ልጁ ክፍልፋይ ጀምራለች። ማታ ማታ ስትጠይቀው ይጨንቀዋል። «1/4 ለምን እንደሚያንስ እንዴት ላስረዳት?»

ከቦርሳዬ አንድ ወረቀት አውጥቼ እኩል ሁለት ቁራጭ ቀደድኩ። አንዱን ሦስት ቦታ፣ ሌላውን አራት ቦታ እንዲያጥፍ ሰጠሁት። ሦስቱ እኩል አልመጣ ብሎት ፈትቶ እንደገና አጠፈ። እጄ ሊረዳው ተዘረጋ፣ መለስኩት። ሰው ግራና ቀኝ ያልፋል፣ እኛ ቆመናል። ሁለቱን እጥፎች ጎን ለጎን ያዛቸውና ትክ ብሎ አያቸው።

«ብዙ ቦታ ስለተካፈለ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ወረቀቶቹን እንደታጠፉ ኪሱ ከተታቸው።