ከጓደኛ ጆሮ የሚገኝ ትምህርት

በዚህ ሴሚስተር የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንዱ የሌላውን ንግግር አዳምጦ አስተያየት እንዲሰጥ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ስለ መናገር ክሂል ያለኝ አመለካከት ብዙ ተለውጧል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በዚሁ ቋንቋ መጠየቅና ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ ይሁን እንጂ ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ በመሆኑ የእያንዳንዱን ንግግር ሰምቼ ላርም አልችልም። ወደ እኩዮች አስተያየት የመራኝ ይህ ችግር ነው፤ ያገኘሁት ግን ከጊዜ ቁጠባ እጅግ የሚበልጥ ነገር ነው።

እዚህ ድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሶማልኛ የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው አንድ ተማሪ «ፓርክ»ን «ባርክ» ሲል አፍ መፍቻው ሶማልኛ የሆነ ጓደኛው ልብ ላይለው ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን ወዲያው ይለየዋል። አማርኛ ተናጋሪው በተራው፣ የምላስን ጫፍ በጥርሶች መካከል አድርጎ የሚነገረውን የእንግሊዝኛ ድምፅ «ሰ» ወይም «ዘ» ሲያደርገው፣ በልጅነቱ ቁርአን የቀራ ጓደኛው ያቃናለታል፤ ድምፁ በዐረብኛም ስላለ ምላሱን የት እንደሚያሳርፍ ከቁርአን ንባብ ያውቀዋልና። እኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ለማስረዳት የምደክምበትን ነገር፣ አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ ጓደኛዋ አዙራ የአፏን እንቅስቃሴ በማሳየት ብቻ ስታስተምር ማየት ልቤን በደስታ ይሞላዋል።

ይሁንና ትክክለኛውን ቃል ነግሮ ማለፍ ብቻውን አይበቃም። ላይስተር እና ራንታ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በካናዳ በፈረንሳይኛ በሚሰጡ ትምህርቶች መምህራኑ ከሁሉ አብልጠው የሚያዘወትሩት የተማሪውን ስህተት ራሳቸው አቃንተው መድገምን እንደነበር፣ ከእርማት ዓይነቶች ሁሉ የተማሪዎች ምላሽ ያነሰው ግን ለዚሁ እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ አድማጩ መልሱን ከመንገር ይልቅ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ወይም «ትናንት ነው ያልከው?» ብሎ እንዲጠይቅ አለማምደዋለሁ፤ ተናጋሪውም የራሱን ዓረፍተ ነገር ራሱ ፈልጎ ያቃናል። አድማጩ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የኃላፊ ጊዜ ግሦችን፣ እንዲከታተል አደርጋለሁ፤ ተናጋሪውም አስተያየቱን እንደሰማ ያንኑ ታሪክ ወዲያው ደግሞ ይተርከዋል። በእኔ እምነት ይህ ድጋሚ ትረካ ከተዘለለ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ይሉኝታ ነው። በተለይ ጎበዝ ለሚባል ጓደኛቸው አስተያየት ሲሰጡ «ጥሩ ነው» ብለው የሚያልፉ ልጆች አሉ። ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አድማጩ ምንም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት የገባውን በራሱ ቃላት መልሶ እንዲናገር አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም ማንንም ሳይነቅፍ፣ ያልተላለፈው ሐሳብ የትኛው እንደሆነ ለሁለቱም ግልጽ ይሆንላቸዋል።