ጣቶቼና የኮርሳዬ መሪ

ዛሬ ኮርሳዬን፣ ማለትም የእሽቅድምድም ብስክሌቴን፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቼ ስመለስ የሸሚዜን ቁልፎች ራሴ ፈታሁ። ደስታዬ ልክ የለውም። ባለፉት ወራት ከኮርሳዬ በወረድኩ ቁጥር ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ድንዝዝ ይሉብኝ ነበር። በር ለመክፈት እንኳ ቁልፉን በግራ እጄ መደገፍ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያሳበብኩት በጓንቴ ነው። ወፍራም ገዛሁ። ከዚያ የመሪውን ቴፕ ወፍራም በሆነ ቀየርኩ። ትንሽ ቀለል አለኝ እንጂ አልተወኝም። ለካ ወደ ሁለቱ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው በመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው። ክብደቴ እዚያ ላይ ሲያርፍ፣ የእጄ አንጓም ሲታጠፍ ይጫነዋል። ስፖንጅ ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩና በትከሻዬ ሁለት ጫፎች ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። 39 ሴንቲ ሜትር። መሪዬ 44 ነበር! ያን ሁሉ መንገድ እጆቼን በርግጄ ነው የሄድኩት።

አዲሱ 40 ነው። ሲገዙ አለካኩን መጠየቅ ግድ ነው፤ አንዱ ሠሪ ከአንዱ ጫፍ ቱቦ መሐል እስከ ሌላኛው መሐል፣ ሌላው ከውጭ ዳር እስከ ውጭ ዳር ይለካል። ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። መሐሉ ላይ ውፍረቱ 31.8 ሚሊ ሜትር መሆኑንም አየሁ፤ መሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚይዘው የእኔ ማሰሪያ ሌላ አይቀበልም።

ከስፋቱ ይልቅ የጠቀመኝ ግን መሪው ወደ ፊት የሚዘረጋው ርቀት ነው። የድሮው 95 ሚሊ ሜትር፣ ይሄኛው 75። ወደ ታች የሚወርደውም ከ150 ወደ 125 ቀንሷል። ድሮ ታችኛውን ጎባጣ ስይዝ ሆዴ ተጣጥፎ ትንፋሽ ያጥረኝ ስለነበር ጨርሶ ትቼው ነበር። ዛሬ ነፋስ ሲገጥመኝ እዚያው ይዤ ቆየሁ።

አገጣጠሙ ላይ ግን ተሳስቼ ነበር። የፍሬኑ እጀታ ወደ ታች አዘንብሎ አንጓዬን አጠፈው። ብሎኑን አላልቼ መሪውን ጥቂት ወደ ላይ አዞርኩ። ክንዴና የእጄ ጀርባ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስኪሠሩ ድረስ፣ በጣም ጥቂት በጣም ጥቂት እያልኩ።

ቴፑን ገና አልጠመጠምኩም። ኬብሎቹን በናስትሮ ይዣቸዋለሁ። ቅዳሜ ረጅም መንገድ አለኝ፤ ግራው እጀታ አሁንም ትንሽ ወደ ውስጥ መዞር ሳይፈልግ አይቀርም።