ከኤ እስከ ዜድ መሸምደድ ይቅርባችሁ

እዚህ ደሴ የሰፈር የ12ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና የብዙዎቹ ደብተር አንድ ዓይነት ነው። በግራ ከባድ ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺ። ያውም በፊደል ተራ! አዳፕት፣ አዴፕት፣ አዶፕት ተከታትለው ሲመጡ ማን ከማን ይለያል? ሲ ላይ ሳይደርሱ ቢሰለቹ አልፈርድባቸውም።

እኔ ብሆን በቤተሰብ እይዛቸው ነበር። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አውጥታለች፣ አካዳሚክ ዎርድ ሊስት ይባላል፣ ከዚያ ጀምሩ። አናላይዝን የያዘ ሰው አናሊሲስ፣ አናሊስት፣ አናሊቲካል አይከብዱትም። ደግሞም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጻፈን የሚያውቅ ልጅ ጸሐፊና ጽሑፍ ሲሰማ መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ከባዶቹ ቃላት ለምን እንደበዙም ማወቅ ይረዳል። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፣ ላቲኑ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በምሁራን በኩል ገባ። ስለዚህ ለመጠየቅ ብቻ አስክ አለ፣ ኩዌስችን አለ፣ ኢንተሮጌት አለ። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ኢንተሮጌት የሚያደርገው ፖሊስ ነው እንጂ መንገድ የጠፋበት መንገደኛ አይደለም። ለዚህ ነው ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩንም ጻፉ የምለው።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ቃላቱ ስንመጣ ግን አብሽሩ፣ አብዛኛውን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምራችሁታል። ሲሚሊ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፣ ሜታፈር ተለዋጭ፣ ፐርሶኒፊኬሽን ሰውኛ። የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ተኝቷል ያለ ሰው ፐርሶኒፊኬሽን ተጠቅሟል። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ነፍሴ ወጣች ካለ ደግሞ ግነት ነው፣ ሃይፐርቦሊ (ሃይፐርቦል አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ኢ አለች)። በዚያ በደሴ ብርድ እየተንቀጠቀጠ «ዛሬስ ሙቀቱ ገደለን» የሚለው ጎረቤታችሁ ምጸት እያወራ ነው፣ አይሮኒ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን አይሮኒን ሰፋ ያደርገዋል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር ባለታሪኩ ሳያውቅ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ እሱም ድራማቲክ አይሮኒ ይባላል፣ ፈተና ላይ ብዙ ልጆችን የሚያሳስተው ይሄኛው ነው።

አሊተሬሽን ላይ ትንሽ ቆም በሉ፣ ተከታታይ ቃላት በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲጀምሩ ማለት ነው። እኛ ግጥም ሲባል ጆሯችን ስንኙ መጨረሻ ላይ ቤት መምታቱን ይጠብቃል። የጥንቱ የእንግሊዝ ግጥም ግን የቆመው በቃላት መነሻ ድምፅ መመሳሰል ላይ ነበር። ሰምና ወርቅን ደግሞ ፐን (በቃል ድርብ ትርጉም መጫወት) ነው ብላችሁ አትለፉት። ፐን ባብዛኛው ለሳቅ ነው፣ የኛው ቅኔ ግን ጸሎትም ስድብም ይሸከማል፣ ልኩን የሚያህል የእንግሊዝኛ ቃል እኔ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉን ስላወቃችሁት ብቻ ድርሰት ውስጥ አትሰንቅሩት። ዩዝ የሚበቃበት ቦታ ላይ ዩቲላይዝ የሚጽፍ ተማሪ አራሚውን አያስደንቅም፣ ያደክመዋል እንጂ።