ኮስት አካውንቲንግ በጀልባና በአሳ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ኮስት አካውንቲንግን (የወጪ ሂሳብን) ከሥሩ ጀምሬ እያጠናሁ እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። የወጪ ባህሪን፣ ብሬክ ኢቨንን (ገቢና ወጪ እኩል የሚሆኑበትን ነጥብ) እና በጀትን ጨርሼ አሁን ስታንዳርድ ኮስት (አስቀድሞ የሚወጣ የወጪ መለኪያ) እና ቫሪያንስ (የሆነው ከመለኪያው ያለው ልዩነት) ላይ ነኝ። ፕሮሰስ ኮስቲንግን፣ ማለትም በተከታታይ ክፍሎች የሚያልፍ ምርት ወጪ የሚሰላበትን፣ ነካ ነካ አድርጌ ነው ያለፍኩት፤ እመለስበታለሁ።

ለምን እንደጀመርኩት ለማታውቁ፣ የቀን ሥራዬ የሂሳብ ሠራተኝነት ነው። ደረሰኝ እመዘግባለሁ፣ ቫት አሳውቃለሁ፣ ጡረታ አሰላለሁ፣ ባንክ አስታርቃለሁ። ይሄ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። አለቃዬ ግን አልፎ አልፎ ብቅ ይልና «ይሄን ሥራ ብንይዘው ያዋጣናል ወይ?» ይለኛል። ለዚህ መዝገቡ መልስ የለውም። መዝገቡ የወጣውን ገንዘብ ያውቃል። ሥራው ባይኖርም ገንዘቡ ይወጣ እንደነበር ግን አያውቅም።

የማጠናበት መንገድ ቀላል ነው። መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ፋብሪካ ሁልጊዜ ጠረጴዛና ወንበር ነው የሚያመርተው፤ ሁልጊዜም ያመረተውን ይሸጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምዕራፍ እዚሁ ባሕር ዳር በዓይኔ ወደማየው ሥራ እመልሰዋለሁ። ከሁሉ የጠቀሙኝ ሁለት ናቸው፤ የጎረቤታችን ጀልባና የአክስቴ አሳ ቤት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ራሴ ነኝ ክብ ያደረግኳቸው። የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትይዟቸው።

ከጀልባው ልጀምር። ባለቤቱ ጋሼ ሰው ጭነው ወደ ዘጌ ገዳማት ይወስዳሉ፣ ይመልሳሉ። ስለ ወጪ ባህሪ ሁላችንም የሸመደድነው ነገር አለ፦ ምርት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ተለዋዋጭ፣ የማይጨምር ቋሚ። እሺ፣ የጀልባ ምርቱ ምንድነው? ተሳፋሪ ነው ካልን ነዳጁ ቋሚ ሊመስል ነው። ሞተሩ አምስት ሰው ቢጭን፣ አሥር ሰው ቢጭን የሚጠጣው ቤንዚን ብዙም አይለያይም። ምርቱ ምልልስ ነው ካልን ደግሞ ያው ነዳጅ ጥርት ያለ ተለዋዋጭ ወጪ ይሆናል። ኮስት ድራይቨር የሚባለው ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወጪን ቋሚ ነህ ተለዋዋጭ ብሎ ከመፈረጅ በፊት ምንን ተከትሎ እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ምልልስ 1,800 ብር ነዳጅና ዘይት ይበላል እንበል። ተሳፋሪው 300 ብር ይከፍላል። ስድስት ሰው ነዳጁን ሸፈነ። ከሰባተኛው ሰው ጀምሮ የሚገባው ነው የወሩን ቋሚ ወጪ የሚሸከመው፦ የጥበቃውን፣ የረዳቱን ደሞዝ፣ የፈቃዱን፣ የሞተሩን እርጅና። ይሄ በወር 24,000 ብር ይሁን። በአማካይ አሥር ሰው ከተጫነ የአንድ ምልልስ ኮንትሪቢውሽን፣ ማለትም ነዳጁ ተቀንሶ ለቋሚው ወጪ የሚተርፈው፣ 1,200 ብር ነው፤ ብሬክ ኢቨኑ 20 ምልልስ ላይ ይመጣል። አማካዩ ወደ ስምንት ቢወርድስ? ኮንትሪቢውሽኑ 600 ብር ይሆናል፤ 40 ምልልስ ያስፈልጋል። የጎደሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በቀን አንዴ ለሚወጣ ጀልባ ግን 40 ቀን ያለው ወር የለም።

ይሄን ለጋሼ ሳሳያቸው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ሰው ሳይሞላ የማልነሳው ታዲያ ለምን መሰለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ የጨመረላቸው ነገር ቢኖር ነገሩ ሳይደርስ ማየትን ነው። ነዳጁ ከ1,800 ወደ 2,100 ብር ቢወጣ፣ ነዳጅ ለመሸፈን ብቻ ስድስት የነበረው ሰው ሰባት ይሆናል። በአሥር ሰው ሂሳብ 20 የነበረው ምልልስ ደግሞ 27 ይደርሳል። ይሄን ማደያው ዋጋ ከለጠፈ በኋላ ሳይሆን በፊት መቀመር ነው እቅድ የሚባለው።

አሁን ወደምወደው ጥያቄ ልምጣ። ጀልባው ሰባት ሰው ይዞ ሊነሳ ሲል ሁለት ተማሪዎች እየሮጡ መጥተው «ያለን 150፣ 150 ብር ነው» ቢሉ ይጫኑ ወይ? ቦታ ካለ ይጫኑ። እነሱ ኖሩም አልኖሩም ነዳጁ ይቃጠላል፤ 300 ብሩ ንጹህ ጭማሪ ነው። ሌላ ቀን ጀልባው ቆሞ ሳለ ዘጠኝ ተማሪዎች መጥተው በዚሁ በ150 ብር ውሰዱን ቢሉስ? እንቢ ነው መልሱ። 1,350 ብር ተቀብሎ 1,800 ብር ማቃጠል ማንም አይፈልግም። ዋጋው አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆን ሞሪስ ክላርክ በ1923 እ.ኤ.አ. ለተለያየ ዓላማ የተለያየ ወጪ ያስፈልጋል ያሉት ይሄንኑ ነው። «የአንድ ሰው ወጪ ስንት ነው?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሁን አሁን «ለምን ፈለግከው?» እላለሁ። ለዋጋ መተመኛ፣ ለዛሬ ውሳኔና ለቁጥጥር የሚወጣው ቁጥር አንድ አይደለም። ከዚህ ትምህርት ሌላው ሁሉ ቢጠፋብኝ እንኳ ይሄ እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ሰባቱ ሰዎች የተማሪዎቹን ቅናሽ ሰምተው ነገ እነሱም 150 ቢሉ ቀመሩ አያድንም። ጋሼ ይሄን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ቅናሽ የሚያደርጉት ጆሮ ላይ ተጠግተው ነው።

ታሪኩንም ትንሽ አንብቤያለሁ። እንግሊዛዊው የሸክላ ዕቃ አምራች ጆሳያ ዌጅውድ ወጪውን ቁጭ ብሎ የመረመረው በ1772 እ.ኤ.አ. ገበያው ሲቀዘቅዝበት ነበር። ያኔ ነው ኪራይና የዕቃ ቅርጽ ማውጫን የመሰሉ ወጪዎች ብዙ ተመረተ ትንሽ ሳይሉ እንደሚቀጥሉ ያስተዋለው። ገበያ ሲሞቅ ኮስት የሚጠይቅ የለም። እዚህም ጎብኚ በሚጎርፍበት ወቅት ስለ ብሬክ ኢቨን ባወራ የሚሰማኝ አላገኝም ነበር።

አክስቴ ጋ ያለው ሌላ ነው፤ እዚያ ጉዳዩ ቁጥጥር ነው። ሙሉ ቀረሶ ትገዛለች፤ ፊሌቶ ይወጣል፣ ይጠበሳል፣ ጉላሽ ይሠራል። ከሙሉ ቀረሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ሲሶው ገደማ ነው። ሌላው ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። ስለዚህ ስታንዳርድ ስናወጣ ለ1 ኪሎ ፊሌቶ 3 ኪሎ አሳ፣ ኪሎውን በ200 ብር፣ በድምሩ 600 ብር አልን።

አንድ ሳምንት 40 ኪሎ ፊሌቶ ወጣ። በስታንዳርዱ 120 ኪሎ አሳ፣ 24,000 ብር መሆን ነበረበት። የሆነው ግን 128 ኪሎ በ190 ብር ሂሳብ፣ 24,320 ብር ነው። የ320 ብር ልዩነት። አክስቴ «ይሄ ደግሞ ሂሳብ ሆኖ! የሽንኩርት እንኳ አይሆን» ብላ ልታልፈው ነበር። ቫሪያንሱን ለሁለት ስንከፍለው ግን ሌላ ነገር ወጣ። የዋጋው፣ በኪሎ 10 ብር ረክሶ በ128 ኪሎ ሲባዛ 1,280 ብር በጎ። የመጠኑ፣ 8 ኪሎ አልፎ በ200 ብር ሲባዛ 1,600 ብር በጎ ያልሆነ። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተጣፍተው ነው 320 ብር የመሰሉት።

በፈተና ላይ ይሄ ጥያቄ ቢመጣ መልሱ የታወቀ ነው፦ የዋጋው ቫሪያንስ የገዢው፣ የመጠኑ የምርት ክፍሉ። በዚህ ከሄድን ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወርዶ ከአስጋሪዎች የሚገዛው የአክስቴ ልጅ ይመሰገናል፤ ቢላዋ የያዘችው ልጅ ደግሞ አሳ አባከንሽ ትባላለች። እኔም የሄድኩት ይሄን ለማጣራት ነው። ልጅቷ አንድ አሳ አነሳች። ቢላዋዋን ከጉንጩ ኋላ አስገብታ የጀርባውን አጥንት ተከትላ እስከ ጭራው ወሰደችው። አገላበጠችና ሌላውን ጎን ደገመችው። አጥንቱ ላይ የቀረ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ጣውላው ላይ ያረፈው ግን ሁለት ጣት የማይሞላ ሥጋ ነው። «ከዚህ በላይ ከየት ላምጣልህ? አጥንቱን ልፋቀው?» አለችኝ። አሳው ትንሽ ነበር። ትንሽ አሳ ከሥጋው ራሱና አጥንቱ ያመዝናል። በኪሎ 10 ብር የረከሰውም ትንሽ ስለሆነ ነው።

የመጠኑ ብክነት ከቢላዋው አልመጣም፤ ከግዢው ነው የመጣው። ገዢውንም ለመውቀስ አልቸኩልም። የዚያን ሳምንት የወጣው አሳ ሁሉ ትንንሽ ከነበረ ምን ያድርግ? የወሰድነው እርምጃ ቀላል ነው። ስታንዳርዱን አንድ ብቻ ማድረጉን ትተን ለትልቅና ለትንሽ አሳ ለየብቻ አወጣን። አሁን ልጁ ሐይቁ ዳር ቆሞ ሲደራደር ትንሹ አሳ ስንት ቢረክስ እንደሚያዋጣ ያውቃል። ለ1 ኪሎ ፊሌቶ 3.2 ኪሎ የሚፈጅ ከሆነ 600 ብርን ለ3.2 ማካፈል ነው፤ ከ187.50 ብር በላይ ከገዛው የረከሰው ተወዶበታል።

ራሱና አጥንቱስ? አክስቴ «እሱ ነፃ ነው፣ ሾርባው ሁሉ ትርፍ ነው» ትላለች። ግማሽ ትክክል ናት። አሳው አንዴ ከተገዛ ራሱን በጥሬው ልሽጥ ወይስ ሾርባ ልሥራው ለሚለው ውሳኔ የአሳው ዋጋ አይገባም፤ የፈሰሰ ውሃ ነው። የሚገባው የከሰሉ፣ የሽንኩርቱ፣ የቅመሙና የጉልበቱ ነው። ሾርባው ከሚያመጣው ብር ይሄ ተቀንሶ፣ በጥሬው ቢሸጥ ከሚገኘው መብለጥ አለበት። ጆይንት ኮስትን፣ ማለትም ለፊሌቶውም ለራሱም በጋራ የወጣውን የአሳ ዋጋ፣ በክብደት እናካፍል ያለ ሰው ግን ምን እንደሚገጥመው ተመልከቱ። ከ600 ብሩ 400ው ራስና አጥንት ላይ ይወድቃል። ፊሌቶ በ200 ብር ወጣ ተብሎ ይጨፈራል፤ ሾርባው በኪሳራ ይዘጋል። መጻሕፍቱ በሽያጭ ዋጋ አካፍሉ፣ ወይም ራሱን ባይ ፕሮዳክት (ተጓዳኝ ምርት) አድርጋችሁ ገቢውን ከፊሌቶው ወጪ ቀንሱ የሚሉት ለዚህ ነው።

በጀት ላይ የረዳኝ ዐቢይ ጾም ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ በእነዚያ 55 ቀናት አክስቴ ጋ የሚመጣው ሰው ግን እንደሚበዛ አያለሁ። ፋሲካ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ፊቱን ወደ ዶሮና በግ ያዞራል። የሽያጭ በጀት ከሁሉ ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው፤ የአሳው ግዢ፣ የሰው ኃይሉ፣ የካሹ በጀት ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በጀቱ በወር 300 ኪሎ ፊሌቶ ብሎ፣ በጾም 450 ኪሎ ተሸጠ እንበል። ቋሚው 30,000 ብር፣ ተለዋዋጩ በኪሎ 620 ብር ቢሆን፣ በ300 ኪሎ የታቀደው ወጪ 216,000 ብር ነው። የወጣው 315,000 ብር ነው። 99,000 ብር አለፈ ብሎ መጮህ ይቻላል። በተሸጠው መጠን ልክ የሚስተካከለው ፍሌክሲብል በጀት ግን ለ450 ኪሎ 309,000 ብር ይፈቅዳል። መጠየቅ ያለበት 6,000 ብሩ ብቻ ነው። ይሄን ሳያውቁ ሰው የሚገመግሙ መሥሪያ ቤቶች እንዳሉ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ስታንዳርድ ደግሞ ያረጃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ከዚያ በፊት የወጣ ስታንዳርድ ይዞ የቀጠለ ሰው ቫሪያንሱ ሁሉ የዋጋ ሆኖ ይታየዋል። በዚያ ውስጥ የቢላዋው ወይም የሚዛኑ ችግር ተሸሽጎ ያልፋል።

ፕሮሰስ ኮስቲንግን ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅን እያሰብኩ ነው የማነበው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመው ፋብሪካ ነው። ጥጥ ወደ ፈተላ፣ ከፈተላ ወደ ሽመና፣ ከዚያ ወደ ማጠናቀቂያ ያልፋል። ወሩ ሲዘጋ 1,000 ሜትር ጨርቅ 40 በመቶ ላይ ከቆመ 400 ሜትር እንዳለቀ ይቆጠራል። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ እጄ ግን ገና ነው።

አሁን የያዘኝ የአብዞርፕሽንና የቫሪያብል ኮስቲንግ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቋሚውን የማምረቻ ወጪ ምርቱ ላይ ይጭነዋል፤ ሁለተኛው የወቅቱ ወጪ ያደርገዋል። ቋሚ የማምረቻ ወጪ 100,000 ብር ሆኖ 1,000 ተመርቶ 800 ከተሸጠ፣ በአብዞርፕሽን 20,000 ብሩ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ትርፉን ያሳምረዋል። ስለ ክምችት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ አይ ኤ ኤስ 2፣ ደግሞ ለውጭ ሪፖርት አብዞርፕሽንን ነው የሚፈልገው። አሳ ስለማይከማች አክስቴ እዚህ ላይ አትረዳኝም። ሲሚንቶ፣ ዘይት ወይም ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ማለትም ሰኔ መጨረሻ ላይ የምርት ክምችቱን እንዴት እንደምትተምኑት ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ቋሚው ወጪ የሚካፈልበትን መደበኛ አቅም የሚባለውን ማን እንደሚወስነውና በምን እንደሚወሰን። የመውጫ ፈተና የምትጠብቁም የቫሪያንስ ጥያቄዎች ካሏችሁ ላኩልኝ፤ አብረን እንሥራቸው።